አሮጌውና አዲሱ ፒያኖ ጎን ለጎን የተደመጡበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ተጀመረ
ቦታ፦ የሙዚቃ ክበቡ አዳራሽ፣ ምድር ቤት

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ከአፋቸው ደንብ ስለማይጠፋ «ጋሼ ደንቡ» የሚባሉ)፣ የፒያኖ መምህርቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አናጺው፣ ጸሐፊዋ።
በእንግድነት፦ ፒያኖ ቃኚው።
ያልተገኙ፦ ፎቶ አንሺው በሥራ ምክንያት፤ ሒሳብ ሹሙ ያለ ምክንያት።

ከሰባት አባላት አምስት ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ቆጥረው ሦስቴም አራት ስለሆነባቸው ስብሰባውን ሊበትኑ ሲሉ፣ ራሳቸውን እንዳልቆጠሩ ልብስ ሰፊዋ አስታውሳቸዋለች። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የመምህርቷ የሥራ መልቀቂያ

ደብዳቤው ተነበበ። መምህርቷ በአሮጌው ፒያኖ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ግን ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ እየመሰላቸው፣ ተማሪዎቹን ሲጠይቁም «ደህና ነው» ስለሚሏቸው፣ የደከመው ጆሯቸው መሆኑን ተረድተው ለመልቀቅ መወሰናቸውን ገልጸዋል። ልብስ ሰፊዋ «እትዬ፣ እኔስ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ስንት ዘመኔ፤ ሥራ ለቀቅሁ?» ብላለች። መምህርቷ «ላንቺማ መነጽር አለልሽ። እኔ ጆሮዬ ላይ ምን ልሰካ?» ብለዋል። በዚህ መሐል አናጺው ወንበሩን እያወዛወዘ የትኛው እግር እንዳጠረ ሲመረምር ስለነበር አርፎ እንዲቀመጥ ተነግሮታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ መልቀቂያው በታላቅ ኀዘን ተቀባይነት አግኝቷል። «በታላቅ» የሚለው በልብስ ሰፊዋ ጥያቄ የተጨመረ ነው።

አጀንዳ 2፦ አሮጌውን ፒያኖ በአዲስ ስለመተካት

ቃኚው ለሙከራ ያመጣው አዲስ ፒያኖ ከአሮጌው ጎን ቆሟል። አዲሱን ያመጣው የጭነት መኪና የሚጠብቀው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ አንዳቸው ዛሬውኑ መሄድ አለበት። ቃኚው ሁለቱንም በየተራ እየነካካ፣ የዛሬ ፒያኖ ከታች እስከ ላይ እኩል፣ ጥርት ያለና ጉልበታም ድምፅ እንዳለው፣ በዱሮዎቹ ግን የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ድምፅ የየራሱ ጠባይ እንዳለው አስረድቷል። መምህርቷ «በዱሮው፣ ከታች አያትየው ያጉረመርማል፣ መሐል ላይ እናት ታወራለች፣ ከላይ ሕፃኑ ይስቃል። በአዲሱ ሁሉም ዜና አንባቢ ናቸው» ብለዋል። አክለውም አሁን አሁን ለሳቸው ጆሮ አያትየው ከነቤተሰቡ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ እንደሚመስላቸው ተናግረዋል።

ሰብሳቢው የአሮጌው ድምፅ ለስላሳና የዕድሜ ብስለት ያለበት እንደሆነ፣ የዱሮ ሰውም ቢሆን እንደማይጮህ ተናግረዋል። ይህን የተናገሩት ጮኸው መሆኑ እንዲመዘገብ አናጺው ጠይቋል። ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አሮጌው እንዲወጣና ሳንቃው ለእህቱ ልጅ አልጋ መሥሪያ እንዲሆን ለአናጺው እንዲሰጥ ተወስኗል። መምህርቷ ድምፅ አልሰጡም። ክዳኑን በመሐረብ ሲወለውሉ ነበር።

አጀንዳ 3፦ (ያልተያዘ)

አናጺው ሳንቃውን ለመለካት የአሮጌውን ፒያኖ የታችኛውን መከደኛ ሲነቅል፣ ከብረት ክሮቹ ጋር ተጣብቀው የቆሙ አሥራ አራት ወፋፍራም መዝገቦች ተገኙ። የክበባችን ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። ቃኚው «ማነው እዚህ የጠቀጠቀው? ድምፁን እኮ አንቃችሁ ነው የያዛችሁት!» ሲል ጉባኤው በሙሉ ወደ ጸሐፊዋ ዞሯል።

ጸሐፊዋ ቁም ሣጥን እንዲገዛ ስምንት ጊዜ ጠይቃ ስምንቴም «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» መባሉን፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ስለሚረጥብ ደረቅ ቦታ ያገኘችው እዚያ ብቻ መሆኑን አስረድታለች። ስምንቱም ጥያቄዎች በመዝገቦቹ ውስጥ ይገኛሉ።

ሰብሳቢው አንዱን ገልጠው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈ አነበቡ፦ «መምህርቷ የፒያኖው ድምፅ ደብዘዝ ብሏል ስላሉ ጉዳዩ እንዲመረመር ተወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው በጥሩ ቦታ ይቀመጥ።» በየዓመቱም ተመሳሳይ ቅሬታ ተገኝቷል። ቅሬታው በረዘመ ቁጥር መዝገቡ ወፍሯል። ተማሪዎቹ በየጊዜው አዳዲስ ስለሆኑ ከታፈነው ሌላ ድምፅ ሰምተው እንደማያውቁም ተደርሶበታል።

መዝገቦቹ ወጥተው መምህርቷ የታችኛውን ቁልፍ ሲመቱ የተቀመጥንበት ወንበር ነዘረ። ወደ ላይ እየወጡ ሄደው አንዱ ላይ ቆሙና «ይቺ ከቅኝቷ ትንሽ ወርዳለች» አሉ። ቃኚው አልሰማሁም ብሎ በመሣሪያው ሲለካ ወርዳ አገኛት። «ልክ ነዎት፣ እኔን አምልጣኛለች» ብሏል። መምህርቷ «እኔ እኮ ጆሮዬ ነው ብዬ…» ብለው አልጨረሱትም።

ጸሐፊዋ ይቅርታ ጠይቃለች። መምህርቷ «አንቺ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ከነጆሮዬ ቀበርሽኝ!» ብለው ጉንጯን ቆንጥጠዋታል። ያማል።

ሰብሳቢው ድምፁ ስለበዛባቸው ሁለት መዝገብ ብቻ «ለብስለቱ» እንዲመለስ ሐሳብ አቅርበው በአንድ ድጋፍና በአራት ተቃውሞ ወድቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። መልቀቂያው ለመምህርቷ ተመልሶ እዚያው ቀደውታል። አዲሱ ፒያኖ በመጣበት መኪና ይመለሳል። አናጺው ሳንቃው ቀርቶበት በምትኩ የመዝገብ መደርደሪያ እንዲሠራ ታዟል፤ አኩርፏል።

ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ ሲያበቃ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስብሰባው ተበትኗል። ጸሐፊዋ ይህን ቃለ ጉባኤ ይዛ ስትወጣ መምህርቷ በሩን እስክትሻገር ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አልነቀሉም።