ጋቢ የለበሰው ሞተር

ጥፋቱን የሚያምን ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጃንሆይ ጊዜ ደባርቅ ላይ ስንት ዘመን መኪና ስጠግን አንድም አልገጠመኝ። ሾፌር ምን አጥፍቶ!

ጋሽ መኩሪያን ውሰዱ። የደባርቅ ውርጭ ውሃ አርግቶ ብረት ስለሚሰነጥቅ፣ ሌላው ሾፌር ማታ የራዲያተሩን ውሃ አፍስሶ ነው የሚያድረው። ጋሽ መኩሪያ ግን አዋቂ ናቸዋ! ውሃውን እንዳለ ትተው ሞተሩን ጋቢ አለበሱት። ሰው የሚሞቀውን ጋቢ ብረት ምን በድሎ ይከልከል?

ጠዋት እህል ጭነው ወደ ዳባት ነዱ። በረዶ የዘጋው ውሃ አልዞር ብሎ ሞተሩ እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። ተጠርቼ ሄጄ የዘይቱን መለኪያ ብመዘው፣ ዘይቱ አሬራ መስሏል። ብረቱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል።

«ጋሼ፣ ማታ ውሃውን አፍስሰውት ነበር?»

«ጋቢዬን አልብሼው ለምን ብዬ አፈሳለሁ?»

«ታዲያ ምን ሰነጠቀው?»

«የሰው ዓይን ነዋ! ትናንት ገበያተኛው ሁሉ አፍጥጦበት ነው የዋለ።»

የከበቡን ሰዎችም «እውነት ነው» አሉ። መሃይሙ እኔ ብቻ ሆንኩ።

ሞተሩ ሲቀየር ጋሽ መኩሪያ ራዲያተሩ ላይ ክታብ አሰሩለት። ማታ ማታ ታዲያ ክታቡን ውርጭ እንዳያበላሸው ፈትተው ቤት ያስገቡ ነበር። ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ያድራል።