የዓሣ ሻጯ እትዬ ሲዮን ከግዝረት ወደ ፍልሰታ የተሻገሩበት ዜና

የዓሣ ገበያው ጣሪያ በአውሎ ነፋስ በበረረ በሁለተኛው ዓመት፣ ከንቲባው ለሦስተኛ ጊዜ በነገሡበት ማለትም በተመረጡበት ዘመን፣ በኢሎኢሎ ምድር ከባሕሩ አፍ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ልዕልተ ዓሣ፣ ገዢተ በረዶ፣ ሚዛናቸው የማይዋሽ እትዬ ሲዮን ፓልማሬስ ስማቸውን ሊለውጡ ተነሡ።

አገሩ ሁሉ ሲዮን ሲላቸው አሱንሲዮን፣ በእኛ አፍ ፍልሰታ፣ ከሚለው ያጠረ መስሎት ነበር፤ እርሳቸውም አላረሙትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ ዓመት መባቻ፣ በዚያ አገር በሚውለው በጌታ ግዝረት በዓል ስለተወለዱ፣ አያታቸው የበዓላቱን ሰሌዳ አይተው ጣታቸው ያረፈበትን ስም አወጡላቸው፤ ሲርኩንሲሲዮን፣ ይኸውም ግዝረት። በሰሌዳው ላይ ቅዱስ የነበረው ስም በትምህርት ቤት ቅድስናው አላዳናቸውም። በዚያ አገር ወንዶች ልጆች የሚገረዙት በበጋው ዕረፍት ተሰልፈው ነውና፣ መምህርቷ ስም በጠራች ቁጥር የወንዶቹ ረድፍ በሁለት እጁ ጭኑን ሸፍኖ "እኔን ተይኝ፣ እኔ አምና ተገርዣለሁ!" እያለ ያውጅ ነበር። ትንሿ ሲዮንም ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ደብተሯን ጥላ በእናቷ የዓሣ ቅርጫት ሥር ተጠለለች።

ወእምዝ ባል ቀብረው፣ ልጆች ድረው፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ሲጠጋ ለጎልማሶች በተከፈተው ትምህርት ገቡ፤ ክፍልፋይንም እንደ ባንጉስ ዓሣ እሾህ አንድ በአንድ ነቅሰው አወጡት፤ ፈተናውንም አለፉ። ምርቃቱ ግን በአደባባይ ነው፤ የሚጠራውም በልደት ወረቀት ላይ ያለው ስም ነው። ይህን በሰሙ ጊዜ ታምሜያለሁ ብለው ሊቀሩ ቃጣቸው፤ ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ያሸሻቸው ስም ሁለተኛ እንዳያሸሻቸው ምለው፣ ነጠላ ጫማቸውን አጥብቀው ወደ መዝገብ ሹሙ ወደ አቶ ኤሉተሪዮ ገሠገሡ።

ሹሙም እንዲህ ሲሉ የሕጉን ቃል አወጁ፦ "እትዬ፣ ሕጉ ደግ ነው። ስሙ መሳቂያ ካደረገዎት፣ ወይም ሰው ሁሉ በሌላ ስም ሲጠራዎት ከኖረ፣ ፍርድ ቤት ሳይረግጡ እዚሁ ይለወጥልዎታል። ብቻ በጋዜጣ ለሁለት ሳምንት ይወጣል፣ በራችን ላይም ዐሥር ቀን ይለጠፋል። ከነአሮጌው ስም!"

አቤት መከራ! ዕድሜ ልክ የቀበሩትን ስም ለመጣል መጀመሪያ ቆፍሮ አውጥቶ ለከተማው ማሳየት! እትዬ ሲዮን ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ በልባቸውም አያታቸውን ሁለት ጊዜ ረግመው ሦስት ጊዜ ይቅር አሉ። ከዚያም ተመልሰው ገብተው ፈረሙ።

ማስታወቂያው የተለጠፈው፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ በዚያው በመገረዣው ወር ነበር። ድምፃቸው የጀልባ ሞተር የሚያስንቀው የሽሪምፕ ሻጯ እትዬ ፓሲንግ፣ የሲዮን የኖረ ባላንጣ፣ አንብበው እየሮጡ መጥተው በገበያው መካከል አወጁ፦ "ጉድ ስሙ! ሲዮን ፍልሰታ አይደለችም፣ ግዝረት ናት! ወንድ ልጅ ያላችሁ አምጡ፣ ዓሣ ለገዛ በነጻ ትቆርጥለታለች!"

ገበያው በሳቅ ተናጠ። የእትዬ ሲዮን ጆሮ ነደደ፤ ለአፍታም ያቺ ደብተሯን የጣለች ልጅ ሆኑ። የዓሣው ቢላዋ ግን በእጃቸው ነበር፤ በበረዶው ሣጥን ላይ ወጡና መልሰው አወጁ፦ "አዎ፣ ሲርኩንሲሲዮን ነኝ! ያወጡልኝ አያቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና መነጽር አልነበራቸውም! የምትስቁ ዛሬ ጠግባችሁ ሳቁ፣ ማስታወቂያው ሲነሣ ሳቁም ይነሣል! የቸኮለ ወንድ ካለ ደግሞ ይኸው ቢላዋው ተስሏል፣ ወረፋ ያዙ!"

ሥጋ ሻጮቹ፣ በረዶ ፈጪዎቹና ዓሣ አውራጆቹ ሳያውቁት ሁሉም ሽርጣቸውን ጨመደዱ፤ ሳቁም ፊቱን አዙሮ ወደ እትዬ ሲዮን ወገን ገባ። በዚያ ቀን ዓሣቸው ከቀትር በፊት አለቀ። የተቃወመም አልተገኘም፤ ሹሙ ፈቀዱ፤ ከዋና ከተማው ከማኒላም ማጽደቂያው መጣ።

በምርቃቱ ዕለት ገበያው ተዘግቶ ሥጋ ሻጮች ከነሽርጣቸው፣ የደረቅ ዓሣ እናቶች ከነባርኔጣቸው፣ ባጃጅ ነጂዎች ከነጥሩምባቸው ተከተሏቸው። "አሱንሲዮን ፓልማሬስ!" ተብሎ በተጠራ ጊዜ፣ እትዬ ሲዮን እጃቸውን ቀጥ አድርገው አንሥተው "አለሁ!" አሉ።

በማግስቱ ሦስት ሰዎች መሪ እንዲሆኗቸው ለምነው፣ በመዝገብ ቤቱ በር ተሰልፈው ጠበቋቸው። አንደኛው ሎተሪ አዟሪ ነው፤ የመዝገብ ስሙ ማላስ፣ ማለትም ገደ ቢስ። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ስሙ ዲስግራስያ፣ ማለትም አደጋ። ሦስተኛዋ ፊታቸውን በጃንጥላ ሸፍነው ነበር፤ ጃንጥላው ሲነሣ እትዬ ፓሲንግ ሆነው ተገኙ፤ በዕድሜያቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጁ፦ "እንዳትስቂ። እናቴ ስም ሳትመርጥ ጸሐፊው ቸኩሎ የልደት ወረቀቴን 'ሕፃን ሴት' ብሎ ሞላው። አሁን ስልሳ አለፈኝ እኮ፣ ሲዮን!"

እትዬ ሲዮን ሳቁ፤ እንዴት አይስቁ። ከዚያም ባላንጣቸውን በክንዳቸው ይዘው "ነይ፣ በሩ ላይ ሲለጠፍ አብሬሽ እቆማለሁ" ብለው እየመሩ አስገቧቸው።

እነሆ የአሱንሲዮን ገናንነት፣ የስም አልባዎች አርነት! በረዶዋ አይሟሽሽ፣ ቢላዋዋ አይደንዝ፣ የሚጠራት አፍ ሁሉ ወተትና ማር ይላስ፤ ለይኩን ለይኩን።