የዳማ ከሴ አበባ

ግቢዬ ገብቶ «ውይ፣ አበባሽ ሲያምር!» የሚል ሰው ያስደነግጠኛል። አበባ ሊያይ እንዳልመጣ አውቃለኋ። ጽጌረዳዬን ገረፍ አድርጎ ያየውና ዓይኑ ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዳል። እዚያ ያለችው ዳማ ከሴዬ ናት።

የማያውቃት ካለ ልንገረው፤ ምች የመታው ሰው ቅጠሏን አሽቶ የሚያሸታት፣ ጭማቂዋን የሚቀባት ቁጥቋጦ ናት። በእኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ያለችው የእኔዋ ብቻ ናት። ታዲያ መድኃኒት ማን ይከለክላል? ጽጌረዳ ብከለክል ቆንቋና ነው የምባለው። ዳማ ከሴ ብከለክል ግን የሰው ልጅ ገደለች መባሌ ነው። ስለዚህ ክረምት ከበጋ ይቀነጥሷታል። ገና ሁለት ቅጠል ስታወጣ አንዱን ጎረቤት ያስነጥሰዋል።

ይህን ሁሉ ዓመት ስኮተኩታት አበባዋን አይቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ይሆን? ያብባል የሚል መጽሐፍ አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ግን ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዘው ሰው ስኳር ጠቅልሎበታል መሰል፣ የለም። ባሌን ብጠይቀው ቢጫ ነው አለኝ። እሱ አበባ ሁሉ አደይ ይመስለዋል። ጎረቤቴ ጥሩሰውማ ጭራሽ ሳቀችብኝ።

«እቴ፣ አንቺ ደግሞ ንባብ አበዛሽ። የምች መድኃኒት ምን አበባ አለው? ቅጠል ነው፣ በቃ!»

ይቺ «በቃ» እልህ አስያዘችኝ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ በአሮጌ ቆርቆሮ ከለልኳት። ለመጣው ሁሉ «ደረቀች እኮ» እላለሁ። ጥሩሰው ለቅሶ ልትደርሰኝ ምንም አልቀራት። ያቺን የመሰለች መድኃኒት ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

መስከረም ጠባ። አደዩ ማንም ሳይጠራው ግቢውን ሞላው። ወርኃ ጽጌ ሲገባ ከቆርቆሮው ጀርባ ብመለከት፣ ዳማ ከሴዬ እምቡጥ ይዛለች! ለባሌ ብቻ ነገርኩት። ከዚያ ምሳዬን በልቼ፣ ራሴን ሳልሸፍን፣ በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ ፊቷ ተጎለትኩ። አሁን ይፈነዳል፣ አሁን ይፈነዳል ስል መታኝ። ምን? ምች ነዋ!

ከንፈሬ ተነፋ። እምቡጡ ቀርቶ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ፀሐይ እንዳታዪ ተብዬ ጨለማ ክፍል ተከናንቤ ተኛሁ። እያደር ሲብስብኝ ባሌ ተጨንቆ መድኃኒት እንድትወቅጥልኝ ጥሩሰው ዘንድ ሮጠ። ዳማ ከሴ ከየት ይምጣ፣ የእናንተው ደረቀ አይደል ወይ ብትለው፣ የዋሁ ባሌ «ኧረ ከቆርቆሮው ጀርባ ለምልማለች!» አላት።

ብዙም አልቆየች። ወቅጣ አመጣችና አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው።

«ደረቀች አላልሽኝም? ሳቢ!»

ሳብኩ። እንባዬ ወረደ።

«ጥሩሰው፣ አብባ ነበር እንዴ?»

«ነጭ። ትንንሽ። ንብ ወሮት ነበር» አለችኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «አብሬ ወቀጥኩት። ሳቢ እንጂ!»

ዳንኩ። ወጥቼ ሳይ ግንዷ ብቻ ቆሟል።

አሁን ጥሩሰው እድር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ «እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ ነጭ ነው» እያለች ትናገራለች። ከሰፈሩ ሰው ያየች እሷ ብቻ ናት። እኔ ግን የምሸነፍ አይደለሁም። ባገኘኋት ቁጥር እከራከራታለሁ፦ የምች መድኃኒት ምን አበባ አለው? ቅጠል ነው፣ በቃ!