ምድር ቤት ውስጥ ያለ ሰማይ

በዚህ ዓለም ሁለት ዓይነት አብራሪዎች አሉ፤ የሚበሩና የሚያስረዱ። የሚበሩት ጥቂት ናቸው፣ ብዙም አያወሩም። የሚያስረዱት ግን ለየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድበዋል። በሳስካችዋን ለምንኖረው ለእኛ ለሮዝቬል ሰዎች የደረሰን ክቡር ካፒቴን ኦረስት ዲድቹክ ነው። ካፒቴንነቱን የሾመው ራሱ ነው። አየር መንገዱም፣ ማኮብኮቢያውም፣ መቆጣጠሪያ ማማውም ከመኖሪያ ቤቱ ሥር፣ በቤት ማሞቂያውና በሚስቱ በዳሪያ የኪያር ጠርሙሶች መካከል ይገኛሉ።

ኦረስት አርባ ዓመት ሙሉ በባቡር ሐዲዱ ዳር ካለው ጎተራ የእህል መዛኝ ነበር። ሌላው የሳስካችዋን ሰው ጡረታ ሲወጣ የዓሣ መንጠቆ ይገዛል። እሱ በኮምፒዩተር በረራን የሚያስመስል ሦስት የበረራ ሲሙሌተር ተከለ፤ ሦስት ወንበር፣ ሦስት መሪ፣ እንደ መስኮት የተደረደሩ ሦስት ስክሪኖች። ለአንድ ቂጥ ሦስት ወንበር ምን ያደርጋል ብለው ሲጠይቁት፣ እንደማያውቅ ልጅ እያየዎት «ለማወዳደር ነዋ» ይላል።

ማወዳደሩን ያውቅበታል። አንደኛው ሲሙሌተር መቶ አርባ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሁሉም ይሠራሉ፤ ሞተሩ እስኪነሣ ግን ሰው ጢም ያበቅላል። ሁለተኛው ምድሩን ከሳተላይት ፎቶ ስለሚቀዳ ሐይቁም መንገዱም ቁልጭ ያለ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን እንደ ሠርግ ፊኛ ነው የሚንሳፈፈው። ሦስተኛው አንድ ቁልፍ ተጭኖ በድልድይ ሥር ሹልክ ማለት ነው፤ ይህን ክቡርነቱ ይጸየፈዋል። ለሦስቱም በደብተር ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ዓምድ ለእውነተኛነት፣ አንድ ዓምድ ለደስታ። ከአንድ ሰዓት በረራ በኋላ ፊቱን እንደ ቀብር አስተናጋጅ አጥቁሮ «ደስታ፣ ከመቶ ሥልሳ አንድ ነጥብ ሦስት» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ዘፈን ወዳድ ነኝ። ሰማይ ለእኔ የሚዘፈንለት እንጂ የሚመዘን ነገር አይደለም። አንድ ቀን በአጥሩ ማዶ ሆኜ እንዲህ ገጠምኩለት፦

ሰማዩ ሰፊ ነው ክንፍ ላለው ሁሉ፣
ምድር ቤት ወርደው ነው መዛኞች የሚበሩ።

ቤት አልመታም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልመታም። ሰውየውን የማልወድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

አምና ኅዳር ላይ ዳሪያ ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ሠርታ ጎረቤቱን ጠራች። ኦረስት ስድስታችንን ምድር ቤት አውርዶ ከኋላው በሁለት ረድፍ አስቀመጠን፤ ተሳፋሪዎች መሆናችን ነው። ጉዞው ወደ ዊኒፔግ ነበር፤ ምግብ የሚቀርበው ከፍታ ከያዝን በኋላ እንደሆነ በማይክሮፎን አስታወቀ። ችግሩ ሲሙሌተሩ የዕለቱን እውነተኛ አየር መቀዳቱ ነው። ዊኒፔግ ጉም ወርዷል፤ መነሣት አይፈቀድም። የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ በደረጃው እየወረደ አፍንጫችንን ሲያሠቃይ፣ እኛ የስምንት ሰዓት የመኪና መንገድ ርቆ በተኛ ጉም ምክንያት በረሃብ ታሠርን። ዳሪያ ከላይ ሆና ቅቤው ረጋ ብላ ጮኸች። ኦረስት ዞር እንኳ ሳይል ማማው እስኪፈቅድ ማንም ቀበቶውን እንዳይፈታ አዘዘ። የቀበቶ ነገር ከተነሣ፣ የወንበሮቹን ቀበቶ የሰፋው ከአሮጌ ፒክአፕ አውልቆ ነው።

የባሰው ደግሞ በእውነተኛ አውሮፕላን የሄደ ቀን ነው። ለእህቱ ልጅ ሠርግ ወደ ሃሊፋክስ ሲበሩ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ዓለሙን ሲመዝን እንደዋለ ዳሪያ ነገረችኝ። ደመናው ትንሽ ተጋኗል አለ። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ የተሰማው ንዝረት ከምድር ቤቱ ያንሳል አለ፤ ከወንበሩ ሥር የልብስ ማጠቢያ ሞተር ስላሰረ የእሱ ይበልጣላ። ሲወርዱ በሩ ላይ ለቆመችው አስተናጋጅ «ሰማንያ አራት» ብሎ ነጥቡን ሰጠ። ልጅቱ ዕድሜው መስሏት እንኳን አደረሰዎ አለችው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለእርዳታ ወደ እሱ መሄዴ ጭንቅ ቢይዘኝ ነው።

አባቴ ኤይናር ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ አገር ማሳዎች ላይ ፀረ-ተባይ ሲረጭ የኖረ አብራሪ ነው። ከስልክ ገመድ በታች የሚበር፣ የጎመንዘሩ ቢጫ አበባ ክንፉን የሚስመው ዓይነት። አሁን ሰማንያ ስድስት ሞልቶታል፤ የዓይኑ መሐል እየጨለመ ነው። ሐኪሟ በረዶ ሲወርድ የቀረውም ይሄዳል አለችን። እሱም እንደዋዛ «አንድ ጊዜ ቤቴን ከላይ ባየው» አለ። ቤቱ ተሸጧል፣ ፈቃዱ ተነጥቋል፣ ባልንጀሮቹ አብራሪዎች ሞተዋል። የቀረው የኦረስት ምድር ቤት ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ ይዤው ሄድኩ። ኦረስትን፣ ለአባቴ የሚሆነውን መርጠህ ስጠኝ፣ የሚያስደስተውን እንጂ የሚያስተምረውን አይደለም አልኩት። እሱ ግን ሳይወዳደር የሚመረጥ ነገር የለም ብሎ ከአንደኛው ጀመረ።

አርባ አንድ ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር አወጣ። የባትሪ ማብሪያ። የነዳጅ ቧንቧ። የግራ መብራት። አባቴ ማብሪያዎቹን አያያቸውም፤ በጣቱ ይዳስሳል፤ ኦረስት ደግሞ «እርስዎ፣ ከሱ በፊት ዘጠነኛው አለ» እያለ ይመልሰዋል። ሃያ ሰባተኛው ላይ አባቴ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሞተሩን ሊያስነሣው ነው ወይስ ሊድረው?»

ወደ ሁለተኛው ዞርን። ምድሩ ያምራል። አባቴ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግቶ፣ ጥቁሩን መሐል በዓይኑ ጠርዝ እያለፈ ፈለገ። መንገዱን አገኘ፣ ቦዩን አገኘ። ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ፎቶው የተነሣው ከሽያጩ በኋላ ነበር። አዲሱ ባለቤት ፖፕላር የሚባሉትን ረጃጅም ዛፎች ቆርጧል፣ ቀዩን በረት አፍርሷል፣ በቦታው አራት የብረት ጎተራ አቁሟል። አባቴ መሪውን ቀስ ብሎ ለቀቀ። «የኔ አይደለም» አለ።

ሦስተኛው ላይ በድልድይ ሥር አለፈ፤ ሳቀም። ሲጨርስ ግን «ደስ ይላል፤ የትም አይደለሁም እንጂ» አለ። ኮቱንም ጠየቀ።

እሱን ቤት አስገብቼ ተመለስኩና የሃያ ዓመት ጉርብትና ያጠራቀመውን ሁሉ አወረድኩበት። «ኦረስት፣ አንተ የሚበር ነገር አትወድም። የምትወደው የሚመዘን ነገር ነው። ሽማግሌው ዓይኑን እያጣ ነው፤ አንተ ዘጠነኛው ይቀድማል ትላለህ።»

ደብተሩን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠኝ። ከዚያ «ዛፎቹ ስንት ነበሩ?» አለኝ።

የተሳለቀብኝ መስሎኝ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የኦረስት ስልክ እረፍት ነሣኝ። ዛፎቹ በየትኛው ወገን ነበሩ? የበረቱ በር ወደ ምሥራቅ ነው ወደ ደቡብ? ጣሪያው ቀይ ነው ወይስ የዛገ? የኤሌክትሪክ ምሰሶው ከቤቱ በስንት እርምጃ? እያንዳንዱን ጥያቄ በምሬት መለስኩለት፤ ይህ ሰው የአባቴን ሐዘን እንኳ ወደ ደብተር ዓምድ ለወጠው እያልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ግቢው ውስጥ ምን ይሰጣ ነበር አለኝ። ልብስ ነዋ፣ አልኩት፤ እናቴ ሰኞ ሰኞ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ሌላ ምን ይሰጣል ኦረስት፣ ዓሣ? አመስግኖ ዘጋው።

ጥቅምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሊጥል ሲያንዣብብ፣ አባቴን ይዤው እንድመጣ ለመነኝ። አባቴ ድጋሚ ዝርዝር አልሰማም ብሎ አሻፈረኝ አለ። እኔም መሄድ አልፈለግሁም። የሄድነው ዳሪያ ራሷ በራችን ላይ ቆማ «ሲግሪድ፣ ኦረስት ሁለት ወር በቅጡ አልተኛም፤ በማርያም ተነሺ» ስላለችኝ ነው።

አባቴ በሁለተኛው ሲሙሌተር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ አውሮፕላኑም አየር ላይ ነበር። ኦረስት መሪውን በአባቴ እጅ አስያዘና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። አባቴ በመሪው ወደ ግራ አጋደለ፣ በቦዩ ላይ አለፈ፣ ጎመንዘሩ ከሥሩ እንደ ቢጫ ባሕር ተዘረጋ። ከፊት ለፊቱ ሃያ ሦስት ፖፕላር ተሰልፈው ቆሙ። አንዱ ጫፉ የተሰበረ ነው፤ አባቴ በክንፉ የመታው። ቀዩ በረት አለ። ከበረቱ ጀርባ ገመድ ላይ አንሶላ ነጭ ሆኖ ይውለበለባል።

አባቴ አፉን ከፈተ። ከሜዳው ላይ ለማረፍ በመጣ ቁጥር ነፋሱን የሚያየው በእናቴ አንሶላ ነበር፤ ይህን ኦረስት ሊያውቅ አይችልም፣ እኔም ረስቼዋለሁ።

«ከምዕራብ ነው» አለ አባቴ፣ ለማንም ሳይሆን። «አስጥታለች።»

አንድ ዙር ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቀና፣ ዝቅ አለ፣ በፖፕላሮቹ ራስ ላይ አለፈ፣ ሣሩ ላይ አረፈ። ሞተሩን አላጠፋም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያንን ነጭ ነገር ያያል፤ ፊቱ ረጥቧል።

እኔ ግን ያደግሁበትን ግቢ አውቀዋለሁ። ያ በረት እንዲያ ቀይ አልነበረም። ዛፎቹ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚያህሉ አልነበሩም። አንሶላውማ የጎተራ ሸራ ያህላል። ወደ ኦረስት ዞርኩ። ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ እጄን ይዞ ወደ ደረጃው ሥር ጎተተኝ።

«ለማኅበሩ ሰዎች እንዳትነግሪ» አለኝ በሹክሹክታ። ማኅበሩ ማለት በመላው አገር በየምድር ቤቱ የሚበሩ፣ አንዲት ምሰሶ በግማሽ ሜትር ብትስት እርስ በርስ የሚካሰሱ መሰሎቹ ናቸው። «አንሶላው አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ዛፎቹን በሦስት እጥፍ አሳድጌያቸዋለሁ። ልኩን አድርጌ ብተወው ኖሮ…»

«ልክ አይደለም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ከአባቴ ጀርባ ሳያነሣ። «ግን አያቸው።»

በረዶው በማግሥቱ ጣለ። ከሰዓት በኋላ መንገድ ስጠርግ ኦረስት አጥሩ ላይ ተደግፎ አካፋ ስለሚያዝበት ትክክለኛ ማዕዘን ያስረዳኝ ጀመር። ከዚያ ወደ ጎማ ግፊት አለፈ፣ ከዚያ ሁለቱን አወዳደረ። ነገሩ እንደሚረዝም ገባኝ። ቤት ገባሁና ወንበር አወጣሁለት።