ሆም ቴአትሩ የዘገየበት ሙሽራ

[ሮቤ፤ የባለጋሪው የፊሮምሳ ሳሎን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ከነፌስታሉ ነው፤ ቤቱ አዲስ ጎጆ ነው። አቤሴሎም ገበያ ውስጥ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ኢንጂነርነቱን የሰጠው ራሱ ለራሱ ነው። አሁን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቷል፤ የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ናቸው። ፊሮምሳ የሆም ቴአትሩን ትልቅ ስፒከር እንደ ጥጃ አቅፎ ቆሟል።]

አቤሴሎም፦ መሬት ላይ አስቀምጠው አልኩህ እኮ!

ፊሮምሳ፦ መሬት ላይ ይበርደዋል።

አቤሴሎም፦ ማንን?

ፊሮምሳ፦ የሮቤን ሲሚንቶ አታውቀውም? እኔ እንኳ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምሄድበት።

አቤሴሎም፦ ስፒከር ነው! ስፒከር አይበርደውም!

ፊሮምሳ፦ ታዲያ ድምፁ ለምን ይዘገያል? ሰው ሲበርደው አይደል አፉ የሚተሳሰረው?

[አቤሴሎም አንገቱን ብቅ አድርጎ አየው። ለዚህ ሰው ሚስት የሰጡት ሰዎች ምን አይተው ይሆን ብሎ አሰበ። ጨዋ ስለሆነ ግን አልጠየቀም።]

አቤሴሎም፦ በል ችግሩን ከመጀመሪያው ንገረኝ። ቀስ ብለህ።

ፊሮምሳ፦ አማቴ ከገሰራ እየመጡ ነው። ሚስቴ ሀዋኒ ልትቀበላቸው መናኸሪያ ሄዳለች።

አቤሴሎም፦ የዕቃውን ችግር ነው ያልኩህ።

ፊሮምሳ፦ እሱን እኮ ነው የምነግርህ። ሠርጋችን ላይ አልነበሩም፤ እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው ነበር። አሁን ቪዲዮውን ሊያዩ ነው የሚመጡት። አንዱ ወሬኛ ሄዶ «መጋቢው ሀዋኒን ታገባታለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት ሙሽራው ዝም አለ» ብሏቸዋል።

አቤሴሎም፦ እና?

ፊሮምሳ፦ «በዓይኔ አያለሁ፤ እውነት ከሆነ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ» ብለዋል። ለመመለሻው ሚኒባስ የሁለት ሰው ቦታ አስይዘዋል አሉ።

አቤሴሎም፦ ዝም ብለህ ነበር እንዴ?

ፊሮምሳ፦ ድምፁ ነዋ የሚዘገየው! መጋቢው ይጠይቃሉ፤ የኔ «አዎ» ግን... ትቆያለች።

[አቤሴሎም ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ስሙን የሚያውቀው በሽታ ገጥሞታል።]

አቤሴሎም፦ ሊፕ ሲንክ!

ፊሮምሳ፦ ማነው እሱ?

አቤሴሎም፦ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ነው። ምስልና ድምፅ አብረው ይነሡና አንዱ ቀድሞ ይደርሳል። አንተ እንዲገባህ... አየህ፣ ፈረስህ ከጋሪው ቀድሞ ቢደርስ ምን ትላለህ?

ፊሮምሳ፦ ሁልጊዜ እኮ ፈረሱ ነው ቀድሞ የሚደርሰው። እስከዛሬ የከሰሰኝ ሰው የለም።

አቤሴሎም፦ ተወው፣ ተወው። ገመድ የድሮ ሰው ነገር ነው። ነቅዬ በብሉቱዝ አድርጌልሃለሁ። ተመልከት እንግዲህ!

[ቪዲዮው ተከፈተ። መጋቢው አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ምስሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ደጅ ላይ የቆመውን፣ በአበባ የተሸለመውን የፊሮምሳን ፈረስ አሳየ። ፈረሱ እያላመጠ «የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ትዳር ቅዱስ ነው» የሚል ወፍራም ድምፅ ወጣ።]

ፊሮምሳ፦ (እያጨበጨበ) በቃ! እንዳትነካው! እንዲህ ነው!

አቤሴሎም፦ ምኑ ነው እንዲህ? ፈረሱ እየሰበከ ነው እኮ!

ፊሮምሳ፦ ምን ክፉ ተናገረ?

አቤሴሎም፦ አማትህ በፈረስ ሊመከሩ ነው?

ፊሮምሳ፦ ድምፁ ዘግይቷል አይደል? ማንም ሰው አይቶ «ይህ ዕቃ ድምፁ ይዘገያል» ይላል አይደል? በቃኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ።

[አቤሴሎም ከልቡ አዘነለት። የታመመ ሰው መድኃኒት ሲፈራ አይቶ ያውቃል።]

አቤሴሎም፦ እኔ ገብቼበት እንዲህ አይቀርም። ገመዱን መልሼ እሰካለሁ። ምስሉም እንዲያምር የቴሌቪዥኑን ማሳመሪያ ሴቲንግ ሁሉ አበራለታለሁ።

ፊሮምሳ፦ ማሎ፣ እባክህ አቤሴሎም፣ ይቅር!

[አበራው። ምስሉ እውነትም አማረ፤ ግን ማማር ጊዜ ይፈልጋልና አሁን ወደኋላ የቀረው እሱ ሆነ። እልልታው ቀልጦ አበቃ፤ ከዚያ ሙሽሮቹ ገቡ። «አዎ» የሚል የፊሮምሳ ድምፅ ተሰማ፤ መጋቢው ግን ገና አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ነው።]

አቤሴሎም፦ ይኸው፣ ባሰበት።

ፊሮምሳ፦ ኧረ ይሄማ ከፈረሱም ይበልጣል! መጋቢው ሳይጨርሱ እኮ አዎ አልኩ!

አቤሴሎም፦ ሰውየው ገና እየጠየቁህ ነው!

ፊሮምሳ፦ ቸኩዬ ነዋ። ሙሽራ አይቸኩልም? አማቴ ይህን አይተው ሊስሙኝ ይችላሉ።

አቤሴሎም፦ ውሸት ነው እኮ!

ፊሮምሳ፦ ኤሌክትሪክ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

[አቤሴሎም ሪሞቱን ነጠቀው። ፊሮምሳ መልሶ ያዘው። በሁለት ሰው እጅ ያለ ሪሞት ላይ የማይነካ ቁልፍ የለም። ጎተቱት፣ ተነካ፤ ገመድ ተረገጠ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው መብራት ቀይ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ዝም። ከዚያ መጋቢው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከንፈራቸው ላይ እንደ ተቀባ ልክ ነበር። ሀዋኒ «አዎ» አለች፤ ልክ። ጭብጨባው ከመዳፎቹ ጋር፣ ልክ። ከሁሉ የደነገጠው ራሱ አቤሴሎም ነው።]

አቤሴሎም፦ (በሹክሹክታ) አየህ? አየህ ሥራ?

ፊሮምሳ፦ (ፊቱን ሸፍኖ) አየሁ። ወየው ጉዴ።

[መጋቢው ወደ ሙሽራው ዞሩ፤ ጠየቁ። በምስሉ ላይ ያለው ፊሮምሳ ጣሪያውን ያያል። ጫማውን ያያል። ሚዜው በክርኑ ጎሸመው። «...አዎ።» ከንፈሩም ድምፁም አንድ ላይ።]

አቤሴሎም፦ ቆይ። አፍህ ዝግ ነበር እኮ።

ፊሮምሳ፦ ድምፁ ነው።

አቤሴሎም፦ የድምፅ መዘግየት አፍ አይዘጋም። ሚዜው ሲጎሽምህ ይታያል።

ፊሮምሳ፦ ክርኑም ዘግይቷል።

አቤሴሎም፦ ፊሮምሳ!

ፊሮምሳ፦ (ተቀመጠ) አሰብኩ።

አቤሴሎም፦ መጋቢ ፊት ቆመህ?

ፊሮምሳ፦ ያንን ፈረስ ልገዛ ሦስት ቅዳሜ ገበያ ተመላልሻለሁ። እሳቸው «እስከ ሞት ድረስ» ነው ያሉኝ። ትልቅ ነገር ነው። እሷን አይደለም የተጠራጠርኩት፤ እኔ እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እችላለሁ አልኩ። አዎ አልኩ። በቃ።

አቤሴሎም፦ እንግዲያው ዕቃው ምንም አልነበረውም?

ፊሮምሳ፦ ምንም።

አቤሴሎም፦ ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?

ፊሮምሳ፦ እንድታበላሸው።

[ውጭ ባጃጅ አለፈ። አቤሴሎም በደንብ የሰማ አልመሰለውም፤ ግን በደንብ ነው የሰማው።]

ፊሮምሳ፦ አትቀየመኝ። ሮቤ ጎበዝ ሠሪ ሞልቷል፤ እነሱ መጥተው «ዕቃው ደህና ነው» ይላሉ። አንተ ግን የማታበላሸው የለም ብለውኝ ነው። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዴት አሳምረህ አበላሽተህልኝ ነበር! ምናለ እዚያው ላይ ብታቆም?

አቤሴሎም፦ እኔን? አዳማ ድረስ ሄጄ ኮርስ የወሰድኩትን ሰውዬ?

ፊሮምሳ፦ ማሎ፣ ወደ ፈረሱ መልስልኝ። ሚስቴን ሊወስዷት ነው።

አቤሴሎም፦ አልመልስም! ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ተሳክቶለት ያፈርሳል?

ፊሮምሳ፦ ትንሽ ብቻ። «አዎ»ዋን ብቻ።

አቤሴሎም፦ አልችልም አልኩህ!

ፊሮምሳ፦ ለምን?

አቤሴሎም፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) በየትኛው ቁልፍ እንደተስተካከለ አላውቀውም።

[በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዲንቄ፣ የፊሮምሳ አማት፣ ክራንቻቸውን አስቀድመው ገቡ። ሀዋኒ ከባጃጁ ዕቃ ልታወርድ ውጭ ቀርታለች።]

ፊሮምሳ፦ አካም ጅርቱ አዮ! እግርዎን ተሻለዎት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።

ዲንቄ፦ ነጋያ ልጄ። መቀመጡ ይደርሳል። ክፈተው።

[ተከፈተ። ወይዘሮ ዲንቄ ቆመው አዩ። መጋቢው ደህና። የልጃቸው «አዎ» ደህና፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ጣሪያው፣ ጫማው፣ ክርኑ። «...አዎ።»]

ዲንቄ፦ ምንድነው ይሄ?

[ፊሮምሳ ከስፒከሩ ኋላ ፈቀቅ አለ። አቤሴሎም ለወዳጁ አዘነ። ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ የወጣለት ሥራ ፊቱ ቆሞ ሠሪውን የሚጠይቅ ሰው እየጠበቀ ነበር።]

ዲንቄ፦ ይህን ዕቃ ማነው ያገናኘው?

አቤሴሎም፦ (ደረቱን ነፍቶ) እኔ ነኝ እናቴ። ኢንጂነር አቤሴሎም።

ዲንቄ፦ የቱ አቤሴሎም? የሞባይል ሽፋን የሚሸጠው?

አቤሴሎም፦ እሱም አለ፤ እንደ ጎን ሥራ።

[ወይዘሮ ዲንቄ ክራንቻቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ተፈታ።]

ዲንቄ፦ ይቅር በለኝ ፊሮምሳ ልጄ! በከንቱ ጠረጠርኩህ።

አቤሴሎም፦ እንዴት... እንዴት ማለት?

ዲንቄ፦ ጎባ እህቴ ቤት ዲሽ የሠራኸው አንተ አይደለህ? ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኗ የሚከፈተው የደጁ መብራት ሲጠፋ ነው።

አቤሴሎም፦ ይሄኛው ግን ልክ ነው! ይዩት እናቴ፣ የመጋቢውን አፍ ይዩ፣ የሀዋኒን አፍ ይዩ! ፍጹም ነው! የዘገየው እሱ ራሱ ነው!

ዲንቄ፦ እህቴንም እንዲሁ ነው ያልካት። «ዲሹ ፍጹም ነው፣ የተበላሸው መብራቱ ነው» አልካት።

አቤሴሎም፦ እምላለሁ! ፊሮምሳ፣ ንገራቸው እንጂ!

[ፊሮምሳ ስፒከሩን እንደገና አቅፎ መሬት መሬት አየ።]

ዲንቄ፦ ሀዋኒ! ዕቃዬን አስገቢው፣ አድራለሁ። ፊሮምሳ፣ ልጄን ትወዳታ...

ፊሮምሳ፦ አዎ!

ዲንቄ፦ (ወደ አቤሴሎም ዞረው) አየህ? ያላንተ ገመድ እንዴት እንደሚፈጥን!