ገጹ ሳይነቃነቅ ስለለቀቁት ከንቲባ

በዚህ ዓለም ሥልጣን መልቀቅን የሚያውቅበት ሰው ጥቂት ነው፤ ደጋግሞ መልቀቅን የሚያውቁበት ግን የእኛ ከተማ ከንቲባ፣ ክቡር ዶን ኤውስታኪዮ ሎር ብቻ ናቸው። ሌላው ባለሥልጣን አንድ ጊዜ ይለቅና ይረሳል። የእኛው ምክር ቤቱ ባስቀየማቸው ቁጥር፣ ሬዲዮው በነካቸው ቁጥር፣ አንዳንዴም ምሳ በዘገየባቸው ቁጥር የማይሻር ሥራ መልቀቂያ ያቀርባሉ። እንዲህ ያለ ትጋት በየትኛው አገር ይገኛል?

«የማይሻር» የሚለው ቃል ሌላ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። በእኛ በኢኳዶር የባሕር ዳርቻ «ኑና ለምኑኝ» ማለት ነው።

እኔ ኦቪዲዮ እባላለሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የፕሮቶኮል ኃላፊ ነኝ። ሥራዬ ልመና ማዘጋጀት ነው። ከንቲባችን የመልቀቂያውን ደብዳቤ በእጄ ያስይዙኝና፣ ቤታቸው ሄደው ነጭ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተንጠልጥሎ በሚወዛወዘው የመረብ አልጋቸው ላይ ይንጋለላሉ። እኔ ለባንዱ መሪ እደውላለሁ፤ ተማሪዎቹን አሰልፋለሁ፤ የባልቴቶች ማኅበር እንዲያለቅስ አስጠነቅቃለሁ። ከዚያ ደጃቸው ሄደን «አባታችን፣ ለማን ጥለውን ይሄዳሉ?» እያልን እናነባለን። እሳቸውም እያመነቱ ይወጡና «ሕዝብ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ድክመቴ ይኼ ነው» ይላሉ። ባንዱ ይመታል፣ የተጠበሰ ዓሣና የተጠበሰ ሙዝ ይቀርባል፣ አገር አማን ይሆናል።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ሥልጣኔ መጣብን።

ሥልጣኔውን ከትልቁ ከተማ ከጓያኪል ይዞት የመጣው ኢንጂነር ዳርዊን ቬሌስ ነው። ባለጉዳይ ሁሉ ማመልከቻውን በስልኩ ሞልቶ የሚልክበት ድረ ገጽ ሠራልን። የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ ቅጹ እየታየ፣ ኢንጂነሩ አንዱን ማመልከቻ ሞላና «ላክ» የሚለውን ነካ። እኛም አንገታችንን አሰግገን ጠበቅን። ምንም የለም።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ ከንቲባው።

«ተልኳል፣ ክቡርነትዎ።»

«መቼ?»

«አሁን። ከጀርባ ነው የሚሄደው። ድሮ አንድ ነገር ሲላክ ገጹ ይነጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ተመልሶ ይከፈታል፤ ሰው ይደነግጣል። የእኔ ገጽ ንቅንቅ አይልም። ላኪው ምንም አይታወቀውም።»

«ታዲያ መላኩን በምን ያውቃል?»

«ውበቱ እኮ እዚያ ላይ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «‹ደርሷል› የሚል ቃል ላስገባ አስቤ ነበር። ንጽሕናውን አበላሸብኝ፤ አወጣሁት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያልገባን ነገር ሁሉ ከፍ ያለ ነገር ስለሆነ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከንቲባው በዚህ ዝምታ ፍቅር ያዛቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ያደጉ ሰው ናቸውና በሳምንቱ ታላቁን ደንብ አወጡ። አንደኛ፣ ወረቀት ቀርቷል፤ ማንኛውም ማመልከቻ በቅጹ ብቻ ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ዝምታው እሺታ ተብሎ ይጸናል። ይህን ሲያስረዱን ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር።

«እስከ ዛሬ ዝም ስንል ሰነፎች ተባልን» አሉን። «ከእንግዲህ ዝም ስንል ሥራ ሠራን ይባላል። በዝምታ ደግሞ ማን ይበልጠናል?»

እውነታቸውን ነው፣ ማንም አይበልጠንም። ሦስተኛውን አንቀጽ የጨመሩት ለጭብጨባው ሲሉ ነው፦ ከከንቲባ እስከ ዘበኛ ከዚህ ደንብ ነጻ የሚሆን የለም። እውነትም ተጨበጨበላቸው።

የሚገቡትን ማመልከቻዎች የሚመለከት ሠራተኛ አልተመደበም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተመለከተ መልስ ልስጥ ይላል፣ መልስ የሰጠ ደግሞ ዝምታውን ያበላሻል። በመሆኑም የማመልከቻ ክፍሉ ተቆለፈ።

ውጤቱን መጀመሪያ ያየችው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ኤንሴቦያዶ የምትሸጠው ዶንያ ፊሎሜና ናት፤ ኤንሴቦያዶ ሽንኩርት የበዛበት የዓሣ ሾርባ ነው፣ ለስካርም ለሐዘንም የሚሆን። ለድንኳኗ ፈቃድ ደጅ ስትጠና ጸጉሯ ሸብቷል። በስልኳ ሞላችና ነካችው፤ ገጹ አልነቃነቅ አላት፤ ኢንጂነሩን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ፈቃዷ በራሱ ጊዜ ስልኳ ላይ መጣ።

«ዝም ሲሉ እንዴት ያምርባቸዋል!» እያለች ለገበያው ሁሉ አወራች። ገበያውም ተከተላት። የውኃ መስመር የጠየቀ፣ የጣሪያ ፈቃድ የጠየቀ፣ ሁሉም ሳይለማመጥ እጁ ገባለት። የሚያሳዝነው፣ ለእኔ ያጎነብስ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ በመንገድ ቀና ብሎ «ደህና አደርክ ኦቪዲዮ» እያለ ያልፈኝ ጀመር።

በዚህ መሃል የሽሪምፑ ሐውልት ጣጣ መጣ። ከተማችን የምትኖረው ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት እየሸጠች ነውና በአደባባዩ የሦስት ፎቅ ቁመት ያለው ሮዝ ሽሪምፕ ሊቆም ተወስኗል። ክርክሩ ፊቱ ወዴት ይዙር የሚል ነው። ከንቲባው ወደ ቢሯቸው መስኮት ይዙር አሉ፤ ምክር ቤቱ ወደ ባሕሩ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ክርክሩ ሲጧጧፍ ዝም ብላ የተቀመጠችው ምክትል ከንቲባዋ ዶንያ ኔሊ ኢንትሪያጎ ብቻ ናት። ሴትዮዋ ምክር ቤት ውስጥ አፏን የምትከፍተው ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲነሳ ብቻ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበር።

«ሽሪምፕ ቂጡን ይስጠኝ?» አሉ ከንቲባው ቀስ ብለው። «ለእኔ? ለቃለሁ። የማይሻር ነው።»

ቢሯቸው ገቡና፣ ወረቀት በራሳቸው ደንብ ቀርቷልና፣ ቅጹን ከፈቱ። «ሥራ መልቀቂያ» የሚለውን መረጡ፤ «የማይሻር» በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ፤ «ላክ» የሚለውን ነኩ። ገጹ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ጫን አሉት። ገጹ እንደ ዶንያ ኔሊ ዝም ብሎ አያቸው። በቃ የሰማ ይሰማል ብለው ነጭ ልብሳቸውን አስተካክለው ቤታቸው ሄዱ፤ የመረብ አልጋቸው ላይም ወጡ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ደብዳቤ በእጄ አልገባም። ደብዳቤ ካልገባ ባንድ አይጠራም፣ ባንድ ካልተጠራ ባልቴት አታለቅስም። ከንቲባው ጉንፋን ይዟቸዋል ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ደግሞ «ለምን አትለምኑኝም?» ብሎ መጠየቅ የሚያዋርድ ስለሆነ ጠበቁ። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ።

«ኦቪዲዮ፣ ከተማው እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«በጣም ሰላም?»

«ፍጹም ሰላም።»

«የሚያለቅስ... የሚተክዝ ሰው አልታየም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም የለም።»

«ባንዱስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። መለከት ነፊው ጥርሱን ታሞ ነበር፣ ተሻለው።»

«ስለዚህ መንፋት ይችላል።»

«ይችላል፣ ክቡርነትዎ። እርስዎስ ተሻለዎት?»

«እኔን ምን ነካኝ ትላለህ?» ብለው ዘጉብኝ። ጉንፋኑ ጠንቶባቸዋል ብዬ ዝንጅብል በማር ላክሁላቸው። ያንን ዝንጅብል ያስላከኝን ቅንነት አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሦስተኛው ቀን አለፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ለመልቀቂያው መልስ አልሰጠም፤ እንዴት ይስጥ፣ ክፍሉ ተቆልፏል! ስለዚህ በደንቡ መሠረት ዝምታው እሺታ ሆነ። የከተማው ድረ ገጽም ራሱን ሳያነጣ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ ከ«ከንቲባ» ቀጥሎ የነበረውን ስም አንስቶ የዶንያ ኔሊን ተካበት። እሷም መልእክቱ ሲደርሳት ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ቦዩን አስጠረገች። እኔ ቢሮው ውስጥ ሳያት ወንበሩን እያሞቀችላቸው ነው ብዬ ነበር። በዚያ ሳምንት ምረቃም፣ ሰልፍም፣ ንግግርም አልነበረም፤ ሰዉ ሥራ ከመሥራት በቀር ምንም የሚያደርገው አጣ። ሽሪምፑም ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ ቆመ።

በስምንተኛው ቀን ከንቲባው ጠረናቸው ዝንጅብል ዝንጅብል እያለ፣ ልብሳቸው ተጨማድዶ ከቤት ወጡ። መጀመሪያ ያገኟት ፊሎሜና ናት።

«ደህና አደሩ ዶን ኤውስታኪዮ፣ ሽንኩርት ላብዛልዎት?»

«ዶን ኤውስታኪዮ? ክቡር ከንቲባ የሚለው ወዴት ሄደ?»

«እሷማ ውስጥ ናት፣ በጠዋት ነው የምትገባው» አለችና ስልኳን አሳየቻቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊታቸው የሊጥ መልክ ነበረው። ኢንጂነር ዳርዊን ተጠራ።

«መልቀቂያዬን መልስ!»

«አይመለስም፣ ‹የማይሻር› ላይ ምልክት አድርገዋል። እንዲያውም ሁለቴ ነው የላኩት፤ አንዱን እንኳ ብንሽር ሌላው አለ።»

«ገጹ አልነቃነቅ ሲለኝስ? ተልኳል ያለኝ አለ?»

«አልተረበሹም ማለት ነው» አለ ኢንጂነሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ክቡርነትዎ፣ አንድ ሰው ሥልጣኑን አጥቶ አምስት ቀን ሙሉ ሳይታወቀው! እንዲህ ጥርት ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዶሮ ጠባቂዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከንቲባው በሩን በርግደው ዶንያ ኔሊ ፊት ቆሙ። እሷ ከምትፈርምበት ቀና አለች።

«ሕዝቡ ያለ እኔ መኖር አይችልም» አሏት።

«ይጠየቃ» አለች ኔሊ። «አደባባይ ይውጣ፤ ሕዝቡ የለመነውን እፈጽማለሁ። ይመለሱ ካለዎት ወንበሩ ይኸው፣ ዛሬውኑ ይቀመጡበት።»

የእኔ ጊዜ መጣ። ለባንዱ ደወልኩ። ተማሪዎቹን ላሰልፍ፣ ባልቴቶቹን ልቀስቅስ ስል፣ ሌላ ማንንም ሳልጠራ አደባባዩ ሞላ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለከተማችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል እንኳ አይቼ አላውቅም። ጀልባቸውን ጥለው የመጡ፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ፣ ፈቃዳቸውን አሳትመው ደረታቸው ላይ የለጠፉ ሁሉ ነበሩ። ከንቲባው በረንዳው ላይ ወጥተው ይህን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኦቪዲዮ፣ ሰው አጓጓዝክ እንዴ?»

«በፍጹም፣ በእግራቸው ነው የመጡት።»

እንባቸው ወረደ። እኔ የልመናውን ንግግር ከኪሴ ሳወጣ ፊሎሜና ማይክሮፎኑን ቀማችኝ። እጇ ሽንኩርት ይሸታል፤ አጠገቧ ያለ ሁሉ ያለቅሳል።

«ክቡርነትዎ!» አለች። «በለቀቁ ቁጥር ቃልዎን እንዲያጥፉልን ለመንንዎት፤ እርስዎም አንድ ቀን አላሳፈሩንም። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ልመና አለን፤ ማንም አላስለመነንም። በልጆችዎ ይዘንዎታል፣ በእናትዎ አጥንት ይዘንዎታል፤ ይቺን አንዷን ቃልዎን እንኳ ይጠብቁልን!»

አደባባዩ በሙሉ ተንበረከከ። «ይጠብቁልን! ይጠብቁልን!» እያለ የሚያስተጋባው ድምፅ የሽሪምፑን ሮዝ አንቴና አርገበገበው። ባልቴቶቹ ከልባቸው አለቀሱ። ባንዱ ሳላዘው መታ።

ዶን ኤውስታኪዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያንን ሁሉ ልመና እንደ ጸበል ተጠመቁት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አመነቱ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ።

«ሕዝብ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ድክመቴ ይኼ ነው። እሺ! እንዳላችሁት ይሁን!»

ጭብጨባው አደባባዩን ሊያፈርሰው ደረሰ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ሰው ተቃቀፈ፣ ዶንያ ኔሊ በመስኮት አንድ ጊዜ ብቅ ብላ አይታ ወደ ፊርማዋ ተመለሰች። ከንቲባው ግራና ቀኝ እጅ ከነሡ በኋላ በእንባ የራሰ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«አየህ ኦቪዲዮ፣ እንዴት አድርገው እንደሚወዱኝ?»

«አየሁ፣ ክቡርነትዎ።»

«የዛሬውን ያህል ተለምኜ አላውቅም» አሉ መሀረባቸውን እየፈለጉ። «ለመሆኑ፣ ምንድነው የለመኑኝ?»