የእትዬ ዘይቱና በሮች

ዕቃ የማይጥል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ሌላው ሰው ባንክ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ እነሱ የተሰበረ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ደሴ ላይ ይሄ ማዕረግ ከነሙሉ ክብሩ ያረፈው ከፒያሳ ከፍ ብሎ በሚኖሩት በክብርት እትዬ ዘይቱና ላይ ነው።

«ይቀመጥ፣ ቀን አለው» ይላሉ። ጨርቅ የሌለው ጃንጥላ፣ ቀን አለው። ግራው የጠፋ ጫማ፣ ቀን አለው። እስካሁን ቀኑ የደረሰ ዕቃ ግን ማንም አላየም። አንዴ ጎረቤታቸው የኔነሽ «እትዬ፣ ይቺ ድስት እኮ ቂጥ የላትም» ብትላቸው፣ «ክዳን አላት አይደል?» አሏት። ለዚችው ለየኔነሽ ፎቶ መስቀያ አንድ ሚስማር አውሰዋታል። ወር ቆይተው በአጥር አሻግረው ጠየቋት፦ «ያቺ ሚስማር ጨረሰች?»

መንገድ ሊሰፋ ዳር ዳሩን ያሉት ቤቶች ሲፈርሱማ ሥራ በዛባቸው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ዘንድ ይሄዳሉ፣ ከልባቸው ያዝናሉ፣ «አላህ በተሻለ ይተካችሁ» ብለው ዱዓ ያደርጋሉ። ከአሚን በኋላ ወደ ፍርስራሹ ያዩና «በሩንስ ምን አሰባችሁለት?» ይላሉ። ከዚያ ጋሪ ይጠራል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግቢያቸው በር፣ መስኮት፣ ጠርብና ጥርብ ድንጋይ ሞልቶት ሰው የሚገባው በጎኑ ሆነ። አንዴ ሌባ ገብቶ መውጫው ጠፋው። የትኛውን በር ቢከፍት ከኋላው ግድግዳ ነው። ሲነጋ እትዬ ዘይቱና ቁርስ አብልተው መንገዱን አሳዩት። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ ሲያገኛቸው እጅ ይነሳል።

በዚህ ሁሉ የሚያፍረው የወንድማቸው ልጅ ሚስባህ ነው። እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ኮምቦልቻ ወርዶ ማሾ ይነግዳል። ማሾ ያ አረንጓዴው ደቃቅ እህል ነው፤ አገር ቤት ብዙ ሰው አይበላውም፣ ውጭ አገር ግን ይሻሙበታል። ሚስባህ እስከዚያ ድረስ ለአዲስ አበባ ላኪዎች ይሸጥ ነበር፣ እነሱ በስማቸው ባሕር ያሻግሩታል። ደሴ ላይ ነጋዴዎች ሲሰለጥኑ ግን አንድ የውጭ ገዢ ተገኘለት። «በቀጥታ ካንተ እንገዛለን፣ ግን መጋዘንህን አይተን ነው» አሉት። መጋዘኑ ያለ ማሽን ቀዝቃዛ ይሁን፣ ለሱ ተብሎም ዛፍ አይቆረጥ ነው የሚሉት።

የሚስባህ መጋዘን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። በኮምቦልቻ ፀሐይ ማሾ ይገባበታል፣ ቆሎ ይወጣበታል። አዲስ በብሎኬት ልሥራ ቢል አቅሙ መሠረቱ ላይ አለቀ።

«ከኔ ለምን አትወስድም?» አሉት እትዬ ዘይቱና።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለውጭ ገበያ ነው።»

«የውጭ ሰው በር አያውቅም?»

«ሰው ይስቅብኛል ነው የምልዎ።»

«አብሽር። እነሱ ሲስቁ አንተ ትሠራለህ። ስቀው ሲጨርሱ አንተም ትጨርሳለህ።»

ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የግቢው ዕቃ ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጫነ። እትዬ ዘይቱና ጋቢና ተቀምጠው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ በየኩርባው ሾፌሩን «ቀስ በል ልጄ፣ ኋላ ሰው አለ» ይሉት ነበር። ኋላ ያለው ጠርብ ነው።

ግንበኛው ውዱ በዚያው ድንጋይና በጭድ በተቦካ ጭቃ ክንድ የሚያክል ወፍራም ግድግዳ አቆመ። ጣሪያውን ከፍ አደረገው፣ ለአየር ማስተላለፊያም ከላይ መስኮት ደረደረ። መስኮቶቹ ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ የሱቅ ነበር። ጎረቤቱ ነጋዴ ሰይድ በየጠዋቱ ቆም ይላል፦ «ሚስባህ፣ መጋዘን ነው ወይስ የመስኮት ሰርግ?»

«ሙሽራዋ ገና አልመጣችም» ይሉታል እትዬ ዘይቱና።

ሙሽራዋ የፊት በሩ ነች። የአባታቸው፣ ማለት የሚስባህ አያት ቤት በር ነው። እሳቸውም ሚስባህም ያደጉበት ያ ቤት መንገዱ ሲሰፋ አብሮ ፈርሷል። በሩ ከፍ አድርገው ካላነሱትና በዳሌ ካልገፉት አይከፈትም። ይሄን የሚያውቅ ደግሞ የቤተሰቡ ሰው ብቻ ነው።

የገዢው ወኪል ትህትና የምትባል ወጣት ነች፤ ከአዲስ አበባ መጣች። በሩን ብትገፋው እምቢ አላት።

«በዳሌሽ፣ ልጄ» አሏት እትዬ ዘይቱና። «አታፍሪው።»

ገባች። ውጭ ሰው በላብ ይጠመቃል፣ ውስጥ ግን እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ሙቀት መለኪያዋን ደጋግማ አየች። ጠርቡም ድንጋዩም ከፈረሰ ቤት የመጣ መሆኑን ስትሰማ ፈገግ አለች። ሚስባህ መተንፈስ ጀመረ። ያኔ ትህትና ጎንበስ ብላ የበሩን ሥር አየች።

«በዚህ አይጥ ከነቤተሰቧ ትገባለች።»

«ይደፈናል» አለ ሚስባህ።

«ሳንቃውም ተሰነጣጥቋል። ድፍን የብረት በር ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ይሄ ካልተነሳ ግን አልፈርምም።»

ሚስባህ አክስቱን ማየት ፈራ። ቂጥ የሌላት ድስት ያልጣሉ ሴት የአባታቸውን በር ጣሉ ሊባሉ ነው። «ሌላ ገዢ እንፈልጋለን» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ውዱ፣ መዶሻህን አምጣና ንቀለው» አሉ።

«እትዬ…»

«ምን ታፈጥብኛለህ? ማሾህን ሽጥ።»

ትህትና የብረት በሩ በሳምንቱ እንዲገጠም ተስማምታ እዚያው ፈረመች። እትዬ ዘይቱና ግን መዶሻው እስኪመጣ አልጠበቁም። ዝናብ ሳይመጣ ልግባ ብለው ቀድመው ወደ ደሴ ወጡ።

ውዱ በሩን ነቅሎ «ለማገዶ ልፍለጠው?» አለ።

«ማገዶ?» አለ ሚስባህ፣ አባቱ የተሰደበበት ይመስል።

ማምሻውን በሩን ተሸክሞ መናኸሪያ ሄደ። ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶብስ ረዳት በሩን አየው፣ ሰውየውን አየው።

«ላይ ይጫን።»

«ላይማ አይሆንም፣ ደመናው ከብዷል።»

«በር አይደለም እንዴ ወንድሜ? ዕድሜውን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የኖረ።»

ሚስባህ በሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ መቀመጫውን ለቀቀለትና፣ ሐረጎን እስኪጨርሱ በሩ ተቀምጦ እሱ ቆሞ ወጡ።

እትዬ ዘይቱና ሲያዩት አልተገረሙም። ባዶ በቀረው ግቢያቸው፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ በር የሚያክል ቦታ ጠርገው ቆይተዋል።